የባሕር ቀንድ አውጣና የካሜራ ዓይን፦ ትንንሽ ፍጥረታትን አቅርቦ የማንሳት ጥበብ

ዛጎል የለሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ከእንቁላል ሲወጣ የያዛትን ትንሽ ዛጎል ጥሎ ቀሪ ዕድሜውን ራቁቱን የሚኖር ፍጥረት ነው። በሳይንስ ኑዲብራንክ ይባላል። የየብስ ዘመዱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በክረምት ዝናብ ሲያባራ በወልቂጤና በቡታጅራ ጓሮዎች፣ በጎመኑ ላይና በእንሰቱ ሥር የሚያብረቀርቅ ዱካ እየተወ የሚሳበው ቀንድ አውጣ ከዚያው ወገን ነው። ሁለቱም አጥንት የላቸውም፤ ሁለቱም በሆዳቸው ሥር ባለ ጡንቻማ እግር ይሳባሉ፤ አብዛኞቹም ምግባቸውን በጥቃቅን ጥርሶች በተሞላ ምላስ እየፋቁ ይበላሉ። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚወጣው በቀለም ነው። የጓሮው ቀንድ አውጣ አፈር መስሎ ሲደበቅ፣ ከባሕሮቹ ብዙዎቹ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ለብሰው በግላጭ ይንቀሳቀሳሉ። ይህ ጽሑፍ ስለ ፍጥረቱ፣ ቀለሙ በካሜራ ስለሚያዝበት መንገድ፣ ይኸው ጥበብ በጉራጌ ምድር ላሉ ትንንሽ ፍጥረታት ሊሰጥ ስለሚችለው ጥቅም በቅደም ተከተል ያስረዳል።

እስካሁን ስም የተሰጣቸው የኑዲብራንክ ዝርያዎች ከ3,000 በላይ ናቸው። ከዋልታዎቹ ቀዝቃዛ ባሕሮች እስከ ቀይ ባሕር ያሉ የዓለም ባሕሮች ሁሉ መኖሪያቸው ናቸው። የአብዛኞቹ ርዝመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ዕድሜያቸውም ቢበዛ አንድ ዓመት ገደማ ነው። ከራስ በላይ የሚቆሙት ሁለት ቀንዶች ማሽተቻዎች ናቸው፤ ውኃው ይዞት የሚመጣውን የምግብና የተጓዳኝ ሽታ ለቅመው አቅጣጫ ያመለክታሉ። መተንፈሻቸውን በሚመለከት ሁለት መልክ በብዛት ይታያል። በአንደኛው ወገን የአበባ ዘለላ የሚመስል ስንጥብ በጀርባ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ አደጋ ሲመጣም ብዙዎቹ ወደ ውስጥ ይሰበስቡታል። በሌላው ወገን ደግሞ ጀርባው ሙሉ በጣት መሰል ዘንጎች ይሸፈናል። ዓይኖቻቸው በቆዳ ሥር የተቀበሩ ነጠብጣቦች ሲሆኑ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ብዙም አያልፉም። ስለዚህ ያን ሁሉ ውበት ቀንድ አውጣዎቹ እርስ በርሳቸው አያዩትም፤ ቀለሙ የሚናገረው ለሌላ ተመልካች ነው።

ያ ተመልካች አዳኙ ዓሣ ነው። ዛጎሉን የጣለ ፍጥረት ሌላ መከላከያ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ኑዲብራንኮችም ይህን መከላከያ የሚያገኙት ከምግባቸው ነው። በቀይ ባሕር የሚኖረው ክሮሞዶሪስ ኳድሪከለር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ብርቱካናማ ቀለማት በጀርባው ላይ በርዝመት ተሰልፈው ይታያሉ። የሚመገበው ኔጎምባታ ማግኒፊካ የተባለ ቀይ ስፖንጅ ሲሆን፣ ይህ ስፖንጅ ላትሩንኩሊን የተባለ መርዝ አለው። የክሮሞዶሪስ ወገን የሆኑ ቀንድ አውጣዎች ይህን መርዝ ከሚበሉት ስፖንጅ ወስደው በቆዳቸው ጠርዝ ያከማቹታል። አንድ ጊዜ ቀምሶ የተፋ ዓሣ እነዚያን መስመሮች ሁለተኛ ሲያይ ያልፋቸዋል። መርዙን ከቀይ ባሕር ስፖንጅ የለዩት ተመራማሪዎች ውጤታቸውን ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ላትሩንኩሊን የሕዋስን ቅርጽ የሚይዘውን አክቲን የተባለ ፕሮቲን እንዳይሠራ ስለሚያግድ፣ ዛሬ ሕዋስ እንዴት እንደሚንቀሳቀስና እንደሚከፈል በሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ የታወቀ መሣሪያ ሆኗል።

ጀርባቸው በዘንጎች የተሸፈነ ወገኖች ሌላ ዘዴ አላቸው። ሃይድሮይድ የተባሉትን ተናዳፊ የባሕር ፍጥረታት ይበላሉ፤ ያልተኮሱትን የመናደፊያ ሕዋሶች ግን ሳይፈጩ በዘንጎቻቸው ጫፍ ያስቀምጣሉ፤ ሲነኩም በተዋሱት መሣሪያ ይናደፋሉ። ከኑዲብራንኮች ውጭ ያሉ አንዳንድ የቅርብ ዘመዶቻቸው ከአልጌ የመጠጡትን አረንጓዴ ክፍል፣ ክሎሮፕላስትን፣ በሰውነታቸው ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ያቆያሉ። ከእነዚሁ አንዷ በሆነችው ኤሊዝያ ላይ በጃፓን ናራ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት በ2021 ታትሟል። በጥናቱ መሠረት ቀንድ አውጣዋ ሰውነቷን ከነልቡ ከራሷ ቆርጣ ትጥላለች፤ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላም የቀረው ራስ አዲስ ሰውነት ያበቅላል። የባሕር ጥንቸል የምትባለው አፕሊዥያም የዚሁ ሰፊ ዘመድ አዝማድ አካል ናት። የነርቭ ሕዋሶቿ ወደ 20,000 የሚጠጉና ትልልቅ በመሆናቸው፣ ኤሪክ ካንደል ትዝታ በነርቭ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ በእርሷ ላይ አጥንቶ በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ትንሽነት የዕውቀት ትንሽነት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የቀይ ባሕር ቀንድ አውጣዎች በሳይንስ መዝገብ የገቡበት ታሪክ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ይነካካል። በ1760ዎቹ የዴንማርክ መንግሥት ወደ ዓረቢያ የላከው ቡድን አባል የነበረው ስዊድናዊው ፔተር ፎርስኮል የቀይ ባሕርን ፍጥረታት ሰብስቦ፣ በ1763 በየመን በወባ ሞተ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሄምፕሪክ በ1825 በምጽዋ በትኩሳት አረፈ። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፐል ግን ዕድሜ አገኘ። በ1820ዎቹ በቀይ ባሕር ዳርቻ የሰበሰባቸውን አከርካሪ የለሽ ፍጥረታት ከፍሪድሪክ ሎይካርት ጋር ሆኖ በ1830 ገደማ ባሳተመው ሥራ ለሳይንስ አስተዋወቀ። ባለ አራት ቀለሙ ክሮሞዶሪስ ኳድሪከለር እና እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚያድገው ቀይ ሄክሳብራንከስ ስማቸውን ያገኙት ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው። ለሟቹ ፎርስኮል መታሰቢያ የተሰየመው ፕሊውሮብራንከስ ፎርስካሊም የእነርሱ ነው። ሩፐል በ1831 ምጽዋ ደርሶ ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ ጎንደር ዘለቀ። ዛሬ የኢትዮጵያ መለያ የሆኑት ጭላዳ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት በዚህ ጉዞ ምክንያት በእርሱ ጽሑፎች ነው። በአገር ውስጥ ስለ ዋልያ የሚያጠና ሰውና በቀይ ባሕር ስለ ቀንድ አውጣ የሚያጠና ሰው የአንድ ሰው ጽሑፍ ይገልጣሉ።

በዚያ ዘመን የነበረው ትልቁ ችግር ቀለም ነበር። ዋልያ ቢሞት ቀንዱና ቆዳው ለሙዚየም ይቀራሉ። ቀንድ አውጣው ግን አልኮል ውስጥ ሲገባ ይኮማተራል፤ ቀለሙም ይለቃል። ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው ግራጫማ ወይም ነጣ ያለ ጉብታ ነው። በሕይወት ሳለ አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው መስመር፣ ነጥብና ጠርዝ አብሮ ይጠፋል። የጥንቶቹ ተመራማሪዎች መፍትሔ ፍጥረቱ ሳይሞት በእጅ ሥሎ ቀለም መቀባት ነበር፤ ሥዕሉም የሚታመነው ሠዓሊው በታመነበት ልክ ብቻ ነው። የውኃ ውስጥ ፎቶግራፍ ለቀንድ አውጣ ጥናት ያበረከተው ዋናው ነገር ይህን ክፍተት መዝጋት ነው፤ ጠርሙስ የማያቆየውን ፎቶ ያቆያል።

ፎቶግራፉ ራሱ እዚህ ለመድረስ ረጅም መንገድ ሄዷል። ፈረንሳዊው የባሕር ሕይወት ተመራማሪ ሉዊ ቡታን በ1893 በባንዩልስ የባሕር ዳርቻ ካሜራ ይዞ ወደ ውኃ ወረደ፤ ውኃ በማያስገባ ሣጥን የታሸገ ካሜራና በማግኒዚየም የሚሠራ ፍላሽም ሞከረ። በ1926 ዊልያም ሎንግሊና ቻርልስ ማርቲን በፍሎሪዳ አቅራቢያ የመጀመሪያዎቹን የውኃ ውስጥ የቀለም ፎቶዎች አነሡ፤ ብርሃኑን ያገኙት በውኃው ላይ በተንሳፈፈ ታንኳ የማግኒዚየም ዱቄት በማቃጠል ነበር። ቀይ ባሕርም በዚህ ታሪክ ቦታ አለው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተቀላቀለች ማግሥት፣ በ1952 መጨረሻና በ1953 በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የጣሊያን ቡድን በዳህላክ ደሴቶች ሠርቷል። ከቡድኑ ጋር የነበረው ፎልኮ ኩዊሊቺ ያነሣው የቀለም ፊልም በ1954 ለሕዝብ ታየ። በ1963 ደግሞ ያለ ሣጥን ወደ ውኃ የሚገባው ኒኮኖስ ካሜራ ለገበያ ሲቀርብ፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ብቻ ይሠሩት የነበረው ሥራ ለተራው ጠላቂ ዋናተኛ ተከፈተ።

ውኃ ብርሃንን የሚያጠፋበት ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ 5 እስከ 10 ሜትር ውስጥ አብዛኛው ይዋጣል። ቀጥሎ ብርቱካናማው፣ ከዚያ ቢጫው ይከተላል፤ ጥልቁ ውስጥ የሚቀረው ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። ስለዚህ በ20 ሜትር ጥልቀት ያለ ደማቅ ቀይ ቀንድ አውጣ ለዓይን ጥቁር ቡናማ መስሎ ይታያል። ቀለሙ የሚወጣው ብርሃን ሲወሰድለት ነው። የፍላሽ ብርሃንም ወደ ፍጥረቱ ሲሄድና ወደ ሌንሱ ሲመለስ ሁለት ጊዜ ውኃ ያቋርጣል፤ በመካከል ያለው ውኃ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይሳሳል፤ በውኃው የሚንሳፈፉ ቅንጣቶችም በፎቶው ላይ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ይታያሉ። አቅርቦ የማንሳት ሥራ፣ ማለትም ማክሮ፣ ለውኃ ውስጥ ፎቶግራፍ የተመቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሌንሱ ከፍጥረቱ በስንዝር ርቀት ሲሆን በመካከል ያለው ውኃ ጥቂት ነው፤ ቀለሙም ሳይጎድል ይመጣል።

ማክሮ የሚባለው ፍጥረቱ በካሜራው ሴንሰር ላይ በራሱ ልክ ወይም ለዚያ በተጠጋ መጠን ሲያርፍ ነው። 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሴንሰር ባለው ካሜራ አንድ ለአንድ ሲነሣ፣ ፎቶው የሚይዘው ቦታ ይኸው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀንድ አውጣ ከስፋቱ ከግማሽ በላይ ይሞላል። ብዙ ባለሙያዎች የሚመርጡት 60 ወይም 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለውን የማክሮ ሌንስ ነው። ከዚህ ያነሰ ፍጥረት ሲገጥም በሣጥኑ ፊት ተጨማሪ የማጉያ መስተዋት ይገጠማል፤ ይህም ውኃ ውስጥ ሳሉ ሊገጠምና ሊነቀል ይችላል። ችግሩ ጥራት ያለው ክልል መጥበቡ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ፣ አፐርቸሩ፣ ወደ 22 ጠቦ እንኳ፣ አንድ ለአንድ ሲነሣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። አፐርቸሩ ከዚህም በላይ ሲጠብ ብርሃኑ በቀዳዳው ጠርዝ ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ይለሰልሳል። ፎቶ አንሺው የቱ ጥርት ብሎ እንዲወጣ፣ የቱ እንዲደበዝዝ አስቀድሞ መወሰን አለበት ማለት ነው።

ካሜራውን የሚጠብቀው ሣጥን ሃውዚንግ ይባላል። በውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ በአንድ የከባቢ አየር መጠን ይጨምራል፤ በ30 ሜትር ላይ ያለ ሣጥን በየብስ ካለው አራት እጥፍ ግፊት ይሸከማል። ውኃውን የሚያስቆመው በመዝጊያው ዙሪያ ያለው የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንግ፣ ነው። አንዲት ፀጉር ወይም አንድ የአሸዋ ቅንጣት በቀለበቱ ላይ ካረፈች ጨዋማ ውኃ ገብቶ ካሜራውን ያበላሻል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በየብስ፣ በንጹሕ ጨርቅና በጥሩ ብርሃን ሥር ቀለበቱን በመመርመር ነው።

ውኃ ውስጥ ከተገባ በኋላ የሥራው ቅደም ተከተል በአጭሩ ይህ ነው። በመጀመሪያ ምግቡ ይፈለጋል። ኑዲብራንኮች ብዙዎቹ በምግብ መራጮች ስለሆኑ ስፖንጁን፣ ሃይድሮይዱን ወይም ሌላውን ምግብ የሚያውቅ ሰው ቀንድ አውጣውን ያገኘዋል። ሪባን መስሎ በክብ የተጠቀለለ የእንቁላል ክምር ከታየ ወላጆቹ ሩቅ ላይሆኑ ይችላሉ፤ የሄክሳብራንከስ እንቁላል ቀይ ጽጌረዳ ስለሚመስል ከሩቅ ይለያል። ቀጥሎ ጠላቂው ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ በውኃው ውስጥ ረግቶ ይቆማል፤ አሸዋ የሚቀሰቅስ እግር ፎቶውንም መኖሪያውንም ያበላሻል። ከዚያ ካሜራው ወደ ፍጥረቱ ቁመት ይወርዳል። ከላይ የተነሣ ቀንድ አውጣ ከተቀመጠበት መለየት ያስቸግራል፤ ከጎን ወይም ከፊት ለፊት የተነሣ ግን ቀንዶቹን ከፍ አድርጎ ሲሄድ ይታያል። ፎከሱ የሚያርፈው በእነዚያ ማሽተቻ ቀንዶች ላይ ነው፤ እነርሱ ጥርት ካሉ ተመልካቹ ሌላውን ይቅር ይላል። ፍላሾቹ ከግራና ከቀኝ ሆነው ብርሃናቸው በጠርዙ እንዲያልፍ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ይላሉ፤ ይህ በመካከል ያሉ ቅንጣቶችን ከመብራት ያድናል። የሻተሩ ፍጥነት ከሰከንድ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ በታች ካልሆነና አፐርቸሩ ከጠበበ፣ ከኋላ ያለው ውኃ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ፍጥረቱም ቀለሙን ይዞ ጎልቶ ይታያል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሥነ ምግባር ከጥበቡ አይለይም። ቀንድ አውጣን ከስፖንጁ ላይ አንሥቶ በተሻለ ቦታ ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከምግቡ የተለየ ፍጥረት መልሶ ላያገኘው ይችላል፤ ፎቶውም ስለ አኗኗሩ ሐሰት ይናገራል። በ2019 በትንንሽ የባሕር ዓሦች ላይ ታትሞ የወጣ ጥናት ከፍላሹ ይልቅ በእጅ መነካካቱና መገፋቱ ፍጥረታቱን አብልጦ እንደሚያስጨንቃቸው አሳይቷል። ደንቡ አጭር ነው፦ አይነካም፣ አይነቀልም፣ አይገፋም፤ ካልተመቸ ፎቶው ይቀራል።

የፎቶው ዋጋ የሚለካው በውበቱ ብቻ አይደለም። ቀኑ፣ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ የውኃው ሙቀት፣ የፍጥረቱ ርዝመትና የተገኘበት ምግብ ከፎቶው ጋር ካልተጻፉ፣ የሚቀረው ጌጥ ነው። ከተጻፉ ግን ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ዝርያው እስከ የት እንደሚኖርና ባሕሩ ሲሞቅ ወዴት እንደሚሸሽ ሊያይበት ይችላል። ፎቶ ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄም አለ። ቀለማቸው አንድ ሆኖ ዝርያቸው የተለያየ፣ ቀለማቸው ተለያይቶ ዝርያቸው አንድ የሆኑ ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ እነዚህን ለመለየት የምላሳቸው ጥርሶችና ዲ.ኤን.ኤ. ይመረመራሉ። ፎቶው ለዚህ ምርመራ መነሻ ነው፤ ምትክ ግን አይደለም።

ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ወልቂጤና ቡታጅራም ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉ የወይና ደጋ ከተሞች ናቸው። ሆኖም በአቅራቢያቸው ያለው ነገር ለዚህ ጥበብ ከባሕር ያነሰ አይደለም። የጉራጌ ሕይወት የቆመው በእንሰት ላይ ነው፤ ቆጮውም፣ ቡላውም፣ ቃጫውም ከእርሱ ይገኛል። የእንሰት ጠላቶች ደግሞ ትንንሾች ናቸው። ከመሬት በታች ሥሩንና አምቾውን የሚመጥ ነጭ ተባይ አለ፤ ሰውነቱ ዱቄት የተነሰነሰበት በሚመስል ሰም የተሸፈነ ነው፤ ጉንዳኖች ጣፋጭ ፈሳሹን ፍለጋ ይከቡታል፤ ከተክል ወደ ተክል እንዲዛመትም ያግዙታል። ይህ ተባይ ለመታወቂያ ሲዘጋጅ ሰሙ ይወገዳል፤ የሚቀረው በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚነበብ ሰውነት ነው። በሕይወት ሳለ ከነሰሙ፣ ከነጉንዳኑና ከነሥሩ ያለውን መልክ የሚያቆየው እንደ ባሕሩ ቀንድ አውጣ ሁሉ የቀረበ ፎቶ ነው።

ሌላው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 በኢትዮጵያ እንሰት ላይ ገልጸው አሳተሙ። የታመመ ተክል የቅጠሉ ዘንግ ሲቆረጥ፣ ከደቂቃዎች በኋላ በተቆረጠው ፊት ላይ ከክሬም እስከ ቢጫ የሚደርሱ ጠብታዎች ብቅ ይላሉ። አንድ ጠብታ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከጎን በተሰጠ ብርሃን፣ ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ በየደቂቃው ሲነሣ፣ ቅጠሉ ገና ሳይጠወልግ በሽታውን ለገበሬውና ለግብርና ባለሙያው ያሳያል። ቆርጦ የሚያነሣ ሰው ቢላዋውን ወደሚቀጥለው ተክል ከመውሰዱ በፊት በእሳት ማጋል ወይም በበረኪና ማጠብ ግዴታው ነው፤ በሽታው ከሚዛመትባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ቢላዋ ነውና።

ውኃውም አለ። ከወልቂጤ አቅራቢያ የሚያልፈው ዋቤ፣ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ዝዋይ የሚወርደው መቂ፣ ከቡታጅራ ብዙም የማይርቀው በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ሐረ ሸይጣን ሐይቅ ለሚመለከት ሰው የጥናት ቦታዎች ናቸው። የወንዝ ቀንድ አውጣዎች በኢትዮጵያ ሳይንስ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ አላቸው፤ አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ እንዶድ የልብስ ማጠቢያ በሆነበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ፣ ተክሉ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ያረጋገጠው ከዚያ ተነሥቶ ነው። የቢልሃርዝያ ሥጋት ባለበት ውኃ ውስጥ ፎቶ ለማንሣት መግባት ተገቢ አይደለም። ጎማ ጓንት አድርጎ ከዳር የተቀዳ ውኃ ጠፍጣፋ ግድግዳ ባለው ትንሽ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተደርጎ፣ ካሜራው ወደ መስተዋቱ ተጠግቶ፣ ብርሃኑ ከላይና ከጎን ሲሰጥ የውኃ ውስጥ ማክሮ ያለ ጥልቀትና ያለ ሃውዚንግ ይሠራል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። በስልክ ካሜራ ላይ የሚቆነጠጥ የማጉያ ሌንስ፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣ ብርሃን የሚመልስ ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያና ማስታወሻ ደብተር ለመጀመር ይበቃሉ። ስልኩ በአንድ ነገር ላይ ተደግፎ እንዳይንቀጠቀጥ ይደረጋል፤ ፎከሱ በዓይኑ ወይም በቀንዱ ላይ ይቆለፋል፤ ከዚያ ቀኑ፣ ቀበሌው፣ ተክሉና የአየሩ ሁኔታ ይጻፋል። በትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት ክበብ፣ በግብርና ጣቢያ ወይም በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ እንዲህ ዓይነቱ መዝገብ በየክረምቱ ቢያዝ፣ የአካባቢው ተባይና ጠቃሚ ነፍሳት የትና መቼ እንደሚታዩ የሚናገር ሰነድ ይሆናል። ቅርብ ብርሃን፣ ትዕግሥት፣ አለመንካትና በጽሑፍ መመዝገብ ለቀይ ባሕሩ ኑዲብራንክም ለእንሰት ሥር ተባይም እኩል የሚሠሩ አራት የማክሮ ደንቦች ናቸው።